ሕፃኑን ውሃ አልጠማውም
(ከሴቶች ኮሚቴ ለእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው በዚህ ጉባኤ ላይ የሚወራው ስለ መዋጮ፣ ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበርና ስለ ድስት ነው። ሕፃን ሲሞት ግን ድንኳን አይተከልም፣ ጥሩምባም አይነፋም። አራት አምስት ሰው ይጠራና ጧት ይቀበራል፤ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ ሥራው ነው። እናቲቱንም «ፈጣሪ ሌላ ይተካልሽ» ብለን እንሸኛታለን። በመዝገባችንም አይጻፍም። ስለሆነም ባለፈው ዓመት ስንት አዋቂ እንደ ቀበርን ቢጠየቁ ጸሐፊያችን ወዲያው ይነግሩናል፤ ስንት ሕፃን እንደ ቀበርን ግን ከመካከላችን የሚያውቅ የለም።

ከመካከላቸው አንዱን እኛ እናውቀዋለን። እናቱ እዚሁ ተቀምጣለች፤ ተናገሩት ብላ ፈቅዳልናለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሚያዝያ ወር ነበር፤ የመተማን ሚያዝያ ለእናንተ አንነግራችሁም። ሕፃኑ ገና ሁለት ወሩ ነው። እኛ የኮሚቴው ሴቶች ልንጠይቃት ሄድን። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ከንፈሩን ይልሳል። «እታለም፣ ይህ ልጅ ጠምቶታል እኮ፤ እኛ በዚህ ሙቀት ጀሪካን ውሃ እየጨረስን እሱን በጡት ብቻ!» አልናት። እሷ ክሊኒክ የነገሯትን ጠቅሳ እምቢ ብላ ነበር። በማንኪያ የሰጠነው እኛው ነን። በሦስተኛው ቀን አስቀመጠው፣ አስመለሰው። ያን ጊዜም «ግግ ነው» ያልነው እኛው ነን። ድዱ ተቧጠጠ፤ ጡት መሳብ አቃተው። ወደ ገንዳ ውሃ ሲወሰድ መንገድ ላይ አለፈ። ይህን የምንናገረው እናቲቱ ለብቻዋ ጥፋተኛ መስላ እንዳትኖር ነው።

ታዲያ ስሕተታችን የቱ ላይ ነው? የእናት ጡት ወተት ከመቶ እጅ 87 ያህሉ ውሃ ነው። ሕፃን በጠማው ቁጥር ጡት ከተሰጠው የሚጠጣውም የሚበላውም እዚያው አለለት። የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ የአገራችን ጤና ሚኒስቴር እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ይሰጥ የሚሉት ደጋና ቆላ ሳይለዩ ነው። ይልቁንም ምክሩ ከደጋው ይልቅ ለእኛ ይብሳል። ለምን ቢባል፣ የጀሪካናችን ውሃ ከየት እንደሚመጣ፣ ስንት ቀንም ፀሐይ ላይ እንደሚቆም እናውቃለን። በዚያ ላይ የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ ውሃ ከሞላት ለወተት ቦታ የላትም። የሚጠባው ሲቀንስ ደግሞ የእናት ወተት ይቀንሳል፤ ከዚያ «ወተቷ ደረቀ» ተብሎ ጡጦ ይመጣል። ለሕፃኑ ወተት እየበቃው መሆኑን ማወቅ የምትፈልግ እናት ሽንቱን ትቁጠር። በቀንና በሌሊት ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና አልጠማውም። በሙቀት ጊዜ ውሃውን መጠጣት ያለባት እናቲቱ ናት፤ እሱን በብዛት እንስጣት። የአብሽ ውሃውም፣ የስኳር ውሃውም፣ ለሳል የሚላስለት ማሩም ለሕፃን አይሆንም። ማር እንዲያውም እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክልክል ነው፤ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ የሚሆን ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል።

«ከሰሊጥ አጨዳ ስትመለስ ጡቷን ፀሐይ መትቶታል፣ መጀመሪያ አልባ ታፍስሰው» የሚባለውም እንዲሁ ነው። የሴት ገላ ማድጋ አይደለም፤ ወተቱ በውስጧ አይበላሽም። እጇንና ጡቷን በውሃ ታብስ፣ ራሷ ውሃ ትጠጣ፣ ከዚያ ታጥባ። በዚህ ሙቀት የሚበላሸው ታልቦ ቤት ውስጥ የዋለው ነው። ስለዚህ እናት አጨዳ ስትውል አያት ወይም እኅት ሕፃኑን ይዛ ጥላ ሥር ብትከተላት ይሻላል።

አሁን ስለ እንገር። እዚህ ላይ ከብት ያላችሁ ወንድሞች ፍረዱን። ላም ስትወልድ እንገሯን የማይፈልግ ማን አለ? ጎረቤት ተጠርቶ ይበላል። ጥጃውንም ከእንገሩ የሚከለክል እረኛ ቢገኝ «ጥጃውን ገደለው» ተብሎ ይሰደባል። ሚስታችን ስትወልድ ግን ያን ቢጫ ወተት «ቆሻሻ ነው፣ ሆዱን ያመዋል» ብለን መሬት ላይ እናስጥላታለን፤ በምትኩም ለሕፃኑ ቅቤ እናውጠዋለን። ለጥጃ ያወቅነውን ለልጃችን አላወቅንለትም። እንገር በሽታን የሚከላከል ነገር የሞላበት በመሆኑ ለሕፃኑ እንደ መጀመሪያ ክትባቱ ነው፤ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ አለበት። ቅቤውን እናቲቱ በገንፎዋ ትብላው፣ እኛም ይዘንላት መሄዳችንን አንተውም። እትብቱንም ቅቤም እበትም እንዳይነካው። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የእትብት ቅባት ካለ እሱን በታዘዘው መሠረት፣ ከሌለም ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መተው ነው። መንጋጋ ቆልፍ የሚገባው በዚያ በር ነው።

ከእኛ አብዛኛው ሰው ከደጋ የመጣ ነው። ከጎጃምም፣ ከወሎም፣ ከደብረ ታቦርም የመጣው ሁሉ የአገሩን ጋቢ ይዞ ወርዷል። ደጋ ላይ ሕፃንን መጠቅለል ትክክል ነው፤ ብርዱ ይገድላል። እዚህ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1000 ሜትር በማይሞላ አገር፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ በር ዘግቶ በሁለት ጋቢ መጠቅለል ልጅን መቀቀል ነው። «ምች ይመታዋል» ትላላችሁ፤ ሙቀቱስ? አንድ ስስ ልብስ፣ የተከፈተ መስኮትና አጎበር ይበቃዋል። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም በጣም ትንሽ የሆነ ግን ለብቻው ነው፤ እሱ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ተደርጎ ይታቀፍ። ማንኛውንም ሕፃን ቢሆን በተወለደ በዕለቱ አናጥበው፣ 24 ሰዓት ይቆይ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንመጣለን፤ እንጥልና ግግ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንጥል መቁረጥን፣ የወተት ጥርስ መንቀልን፣ ቅቤ ማዋጥን፣ እትብትን በእበት መቀባትን፣ ክትባት መከልከልንም ሳይቀር በስማቸው ጠርቶ ከጎጂ ልማዶች ቆጥሯቸዋል። እኛ ግን ፖሊስ ይዘን አልመጣንም። ይህን ሥራ የሚሠሩት ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ሲሞቱ የምንቀብራቸው፣ ስንሞት የሚቀብሩን። ክፋትም የለባቸውም። ነገር ግን ድድ ላይ ነጣ ብሎ የሚታየው እብጠት ትል አይደለም፣ ገና ያልበቀለው የልጁ ጥርስ ነው። ሲቧጠጥ ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ደም ወለድ በሽታም ይተላለፋል፤ ተቅማጡ ግን እዚያው እንዳለ ነው።

ትልቁ ጉዳት ደግሞ የሚባክነው ጊዜ ነው። በመተማ ምድር ልጅ ሲያተኩሰው መጀመሪያ ወባን ማሰብ ይገባል፤ ከጣት አንድ ጠብታ ደም ተወስዶ ውጤቱ ወዲያው ይታወቃል። እንጥል ሲቆረጥለት፣ ቁስሉ እስኪሽር ሲጠበቅ ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል፤ ለወባ ሁለት ቀን ብዙ ነው። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሰንብቶ ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ ካላአዛር ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም በሽታ የሚመረምርና የሚያክም ክፍል ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ሁለቱም በቢላ አይድኑም።

«ጥርስ ሲያወጣ ነው የሚያስቀምጠው» ማለትም ብዙ ልጅ አሳጥቶናል። ጥርስ ድድ ያሳክካል እንጂ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ አያመጣም። ያስቀመጠውን ልጅ ጡት መከልከል ደግሞ የባሰ ነው፤ የወጣውን ውሃ ማን ይተካለታል? ጡቱ ይጨመርለት። «ለምለም» የምንለው ንጥረ ነገር አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከ24 ሰዓት ካለፈ ይደፋል። የዚንክ እንክብልም አብሮ ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቆመ ብላችሁ በሁለተኛው ቀን አታቁሙት፣ እስከ ታዘዘው ቀን ይጨረስ።

ለሕፃን ዓይን ስለሚኳለው ኩል ብዙ አንልም። ኩል እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ አእምሮ ይጎዳል። ይቅር።

ስለ ክትባት አንድ ሒሳብ እንሥራ። ክርስቲያን የሆንን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ እስክትጠመቅ ከቤት አትውጣ እንላለን። ክትባቱ በተወለደች ጊዜ፣ ቀጥሎ በ45 ቀን፣ ከዚያም በ10 እና በ14 ሳምንት ነው። 80ን ከጠበቅን የ45 ቀኑም፣ የ10 ሳምንቱም አልፏል ማለት ነው። ልጅን ለክትባት ማውጣት ክርስትናዋን አይነካም፤ የሚጠራጠር አባቶችን ይጠይቅ።

ወደ ጥያቄያችን እንግባ። አንደኛ፣ የሚሞቱ ሕፃናት በመዝገባችን ከነዕድሜያቸውና ከነሕመማቸው ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ልጅ ጡት እምቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ወይም ሁለት ወር ሳይሞላው ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ፣ ገንዘብ ያዣችን ስብሰባ ሳይጠብቁ፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን የባጃጅ ወይም የመኪና ሂሳብ ከእድሩ ካዝና ይስጡ። ያለው በሦስት ወር ይመልስ፤ የሌለው ጉዳዩ ይታይለት። መንገድ በተዘጋ ጊዜ እስከሚደረስበት ይኬዳል።

ጋሼ ገንዘብ ያዥ «ከየት ይመጣል?» እንደሚሉን እናውቃለን። ድንኳኑና ወንበሩ ለሠርግ ሲከራይ የሚገባው ገንዘብ አለ፤ ከእሱ ይነሣ። የማይበቃ ከሆነ ከእያንዳንዱ አባል በወር አንድ ብር ይጨመር። እኛ የኮሚቴው ሴቶች የመጀመሪያውን ዛሬ ይዘን መጥተናል፤ ጸሐፊያችን ደረሰኝ ይቁረጡልንና፣ ዳኛችን ነገሩን ለድምፅ ያቅርቡልን።