የሞተር ብስክሌት ሞተር በቤት ስለ መለወጥ

ዛሬ ንባባችሁን ለእጅ ሥራ እናውለው።

አሮጌ ሞተር ብስክሌት አላችሁ እንበል፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1976 መሠራት የጀመረችው ሆንዳ ሲጂ 125። ሞተሯ አለቀ፤ ያገለገለ ሞተር አገኛችሁ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። ከሻጩ ሊብሬ ጋር አስተያዩት። ካልተስማማ አትግዙ፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። የቡሎን ቀዳዳዎቹንም ለኩ። 125 የተባለ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሽቦ ፍቱ። ቤንዚኑን ዝጉ። ዘይቱን በዕቃ አጠራቅሙ፤ መሬት ላይ አታፍስሱት። ማርሚታውን፣ ካርቡራተሩን፣ ካቴናውንና የፍሪሲዮኑን ገመድ አውጡ። ሽቦ ስትነቅሉ በሁለቱም ጫፍ ላይ ወረቀት እሰሩና አንድ ዓይነት ቁጥር ጻፉ። ሰው ይረሳል፤ ጽሕፈት አይረሳም። ሞተሩን ከሥር በሣጥን ደግፉ፤ ከዚያ ቡሎኖቹን ፍቱ። ለሁለት አንሡት።

ተለዋጩን ስትገጥሙ መጨረሻ የፈታችሁትን መጀመሪያ እሰሩ። ቡሎኖቹን ሁሉ በእጅ አስይዙ፤ በኋላ አጥብቁ። ባትሪው መጨረሻ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ዘይት ሳትሞሉ አታስነሡ፤ ብረት ከብረት ተፋጭቶ ይቃጠላል። በተዘጋ ቤትም አታስነሡ፤ በጭሱ ውስጥ ሽታ የሌለው መርዝ አለ፤ ሰው ይገድላል።

ሥራው ሲያልቅ ሊብሬ ወደ ሰጣችሁ መሥሪያ ቤት ሂዱና የተለወጠውን ቁጥር አስመዝግቡ። የተጻፈላችሁንም ራሳችሁ አንብቡት። ደህና ሁኑ!