ትልቅ ስለሆነ ብቻ?

(በደምበጫ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰው ሁሉ «የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ያዋጣል ወይ?» ይለኛል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለሽያጭ ሲቀርብ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። በቴሌብር ስለሆነ እዚሁ ደምበጫ ቁጭ ብሎ መግዛት ይቻል ነበር። ከቀረበው 100 ሚሊዮን የተሸጠው ግን 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው።

ሳፋሪኮም በ2015 ሥራ ከጀመረ በኋላም ገበያውን የያዘው እሱው ነው፤ ይሁን። ግን ከ90 በመቶ በላዩ የመንግሥት ነው፤ ከትርፉ ስንቱ ይከፋፈል፣ ስንቱ ለማስፋፊያ ይቅር የሚለው ላይ የእኛ ድምፅ ትንሽ ነው። ደግሞስ ቢቸግረን ለማን እንሸጠዋለን? በሬ ቢሆን ገበያ ይነዳል። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ገና በጥር 2017 ነው የተከፈተው። ስለዚህ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚሆነውን ብር አታስገቡበት። የተረፈ ያለው ግን መግለጫውን ያንብብ፤ ቡናው ሲፈላ አብረን እናየዋለን።