ጳጉሜ ደመወዝ የላትም
(በቀድሞ ተማሪዎች ዓመታዊ ግንኙነት ላይ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ስለ ምርምርና ስለ ግንባታ ነገሩን። እኔ የማወራው ስለ ወረቀት ነው፤ ከተመረቅሁ ጀምሮ እንጀራዬ እሱ ነውና። ገቢ ደብዳቤ ይመዘገባል፣ ለሚመለከተው ክፍል ይመራል፣ መልስ ይጻፍለታል፣ ቲተርና ማኅተም ያርፍበታል፣ ግልባጩ ፋይል ውስጥ ይገባል። ነገም ያው ነው። ያሰለቻል ወይ ብትሉኝ፣ እንዴታ!

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓመቱን የሚጨርሰው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፤ ወንበር ሳይቀር ይቆጠራል። ከዚያ 65 ቀን ቆይቶ የአገሩ ዓመት ያልቃል፤ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ 66። መጨረሻ ላይ ያለችው ጳጉሜ ለወር ደመወዝተኛ ጉደኛ ናት፤ ይሠራባታል፣ አይከፈልባትም። «ዶሮውም 12 ብልት፣ ደመወዙም 12 ወር፤ ጳጉሜ ከየት መጣች?» እየተባባልን እንስቃለን።

በጳጉሜ ሰውነታችን ቢሮ፣ ልባችን ገበያ ነው። ወሬው ሁሉ የበግና የሽንኩርት ዋጋ ይሆናል። «ከበዓል በኋላ ይመለሱ» የምትለዋ ቃል የምትበዛውም ያኔ ነው። ለእኛ ይህ ማለት መስከረም 2 ነው። ለባለጉዳዩ ግን ሌላ የመሳፈሪያ ገንዘብ፣ ሌላ የዘመድ ቤት አዳር ነው።

አንድ ዓመት ጳጉሜ 4 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የአገልግሎት ማስረጃ ፈልገው ከገጠር መጡ። ለጡረታው ተጠይቀው ነው። ፋይሉ የቆየ ስለነበር ብዙዎቻችን ሰዓታችንን አየን። የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ ግን ጋቢያቸውን አስቀምጠው መሰላል ላይ ወጡ። ፋይሉን አገኙት፤ ደብዳቤው ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታ። ሁሉም አንድ ሰዓት አልፈጀም። እናቲቱ ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ጡረታው ለበዓሉ እንደማይደርስ ያውቃሉ፤ ገና ሌላ ቢሮ ይቀራቸዋል። ቢሆንም ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም።

«ጋሼ፣ አልሰለቹም?» ብላቸው፣ «ስልቸታው የእኔ ነው፤ እሳቸው ምን አደረጉ?» አሉኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ ሥራው አላሰለቸኝም ብዬ አልዋሻችሁም። ያሰለቸኛል። ነገር ግን ሥራው የሚያሰለቸው ለተቀመጠው እንጂ መተላለፊያው ላይ ለቆመው እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። መምህራኖቻችን ያላስገባችሁት የተማሪ ውጤት፣ ያልጻፋችሁት የድጋፍ ደብዳቤ ይኖራል። እኛም ከክምሩ ሥር የተኛ ፋይል አናጣም። ጳጉሜ ሳታልቅ ከሥር ያለችውን አንዷን እናውጣት። ደመወዝ እንደሆነ ለጳጉሜ ድሮም የለም!

መጪው ዘመን የሰላምና የጤና ይሁንልን።