ብሎን ለምን ይሰበራል?

በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም በበዓሉ ቀን የተሰጠ ንግግር



ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነው ከጣት ስለማይበልጥ ቁራጭ ብረት፣ ስለ ብሎን ነው። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ድልድዩም፣ መኪናውም፣ ወፍጮውም ተያይዞ የሚቆመው በእርሱ ነው።

ብዙ ሰው ብሎን እንደ ሚስማር ወግቶ የሚይዝ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ሲስብም ሁለቱን ብረቶች አጣብቆ ይይዛል። በሚገባ የጠበቀ ብሎን ከሚመላለሰው ጭነት የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የላላው ግን አብዛኛውን ይሸከማል። ከዚህም የተነሣ በጥርሱ ሥር ወይም ከአናቱ በታች የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይጀምርና ቀስ በቀስ ያድጋል። ይህ የብረት ድካም ይባላል።

የተሰበረ ብሎን ምስክር ነው። ወገቡ ቀጥኖ ከተገኘ ከአቅሙ በላይ ተስቧል ማለት ነው። የስብራቱ ፊት ለስለስ ብሎ፣ ማዕበል በአሸዋ ላይ እንደሚተወው ያለ ተከታታይ መስመር ቢታይበት ድካም ነው። ስለዚህ መርማሪ ስብራቱን አይፈገፍግም፤ ሁለቱንም ስባሪ መልሶ አያጋጥምም፤ ምስክርነቱ ይጠፋልና።

ሁለት ምሳሌ እንስጥ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ፣ ሳን ፍራንሲስኮንና ኦክላንድን በሚያገናኘው አዲስ ድልድይ ላይ በ2013 ዓ.ም. ከ96 ታላላቅ የብረት ዘንጎች 32ቱ በጠበቁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሰበሩ። ዘንጎቹ እጅግ ጠንካሮች ነበሩ፤ ነገር ግን ውሃ በተጠራቀመበት ጉድጓድ ውስጥ ለዓመታት ቆይተው ነበርና ሃይድሮጂን ወደ ብረቱ ሠርጎ ተሰባሪ አደረጋቸው። ብረት በጣም በጠነከረ መጠን ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ሁለተኛው፣ ጁን 10 ቀን 1990 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር ከበርሚንግሃም ተነሥቶ ወደ ስፔን ይበር የነበረ አይሮፕላን ነው። የፊት መስተዋቱ በአየር ላይ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ካፒቴኑም እስከ ወገቡ ወደ ውጭ ተሳበ። ባልደረቦቹ እግሩን ይዘው ሲቆዩ ረዳቱ አይሮፕላኑን በሳውዛምፕተን በደኅና አሳረፈ፤ ካፒቴኑም ተረፈ። ሲመረመር መስተዋቱ ከአንድ ቀን ጥቂት አስቀድሞ ተለውጦ ነበር። ከ90ው ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው በ0.66 ሚሊሜትር የቀጠኑ ነበሩ፤ 6ቱ ደግሞ አጭር ነበሩ። አዲሶቹ የተመረጡት መዝገቡ ሳይታይ፣ ከአሮጌዎቹ ጋር በዓይን ተመሳክረው ነበር። አሮጌዎቹም ራሳቸው ትክክለኞቹ አልነበሩም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ በጋራዥና በወፍጮ ቤት ብሎን ሲሰበር ስባሪው ይጣላል፤ በስፍራውም ወፍራም ይገጠማል። ምክንያቱ ግን እዚያው ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚሰበረውም ምናልባት ሰው የጫነ መኪና ላይ ያለው ይሆናል። ስለዚህ ስባሪውን አስቀምጡ፤ የት እንደተሰበረ ተመልከቱ፤ ልቅ ነበር ወይስ ጠብቆ ነበር? መጠኑስ ትክክል ነበርን? ብላችሁ ጠይቁ። ነገ ሙያ የምንይዝ እኛም በግምት ከመግጠም ለክተን መግጠምን ልማድ እናድርግ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።