የመልቀቂያ ፈተና ለሚጠብቃቸው ልጆችና ለወላጆቻቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተነገረ በአንድ ሰሞን አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቀርበው፥ «አባቶቼ፥ ልጄ እንዲያልፍልኝ ለታቦቱ ጃንጥላ ተስዬ ነበር። ልጄ ግን ወደቀ። ስለቴ ያልተሰማው በደሌ ምን ቢሆን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ልጃቸው መግባት አፍሮ ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ነበር። በዚያን ቀን የሰጠናቸው መልስ አጭር ነበር፤ የሚጠብቀን ሰው ይበዛ ነበርና። ዛሬ ግን ያንን ጥያቄ በሰፊው ለመመለስ አስበናል። ይህ ጥያቄ የእኒያ እናት ብቻ አይደለምና።

ነገሩ የአንድ ቤት ኀዘን ብቻ እንዳይመስላችሁ ቍጥሩን እናስታውሳችሁ። የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለፈተና በተቀመጡ ጊዜ ከ896 ሺህ የሚበልጡ ልጆች ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ይኸውም ከመቶው ሦስት ያህል ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ከ674 ሺህ በላይ ተፈትነው 36,409 አለፉ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585 ሺህ በላይ ከሆኑት 48,929 አለፉ፤ ይህም ከመቶው ስምንት ያህል ነው። በሩ ጥቂት በጥቂት እየሰፋ መምጣቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ዛሬም ጠባብ በር ነው። በጠባብ በር ለመግባት የሚሻ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ሸክሙን ማስተካከል ይገባዋል።

እንግዲህ መሰናዶ ማለት ምንድን ነው? ነቢዩ ዳንኤልን እንመልከት። ዳንኤልና ሦስቱ ባልንጀሮቹ አናንያ፥ አዛርያና ሚሳኤል ተማርከው ባቢሎን በደረሱ ጊዜ በንጉሡ ትእዛዝ የከለዳውያንን ጽሕፈትና ቋንቋ ሦስት ዓመት እንዲማሩ ተደረገ። ከዚያም በንጉሡ ፊት ቆመው ተፈተኑ፤ በጥበብና በማስተዋልም ከሌሎቹ ዐሥር እጥፍ በልጠው ተገኙ። በስብከታችን ሁሉ የምናነሣው ጥራጥሬ መብላታቸውንና ውሃ መጠጣታቸውን ነው፤ ይህም መልካም ነው። ዳሩ ግን ሦስቱን ዓመት እንዘነጋለን። እነዚያ ልጆች ጾመኞች ብቻ አልነበሩም፤ ተማሪዎችም ነበሩ። እግዚአብሔር ዕውቀትን ሰጣቸው፤ የሰጣቸው ግን እየተማሩ ሳሉ እንጂ ተኝተው ሳሉ አይደለም። ከዚህም በቀር የተማሩትና የተፈተኑት በእናታቸው ቋንቋ አልነበረም። የእኛም ልጆች ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የሚማሩትና የሚፈተኑት በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ የዳንኤል ነገር ከእነርሱ የራቀ አይደለም።

ልጆቻችን ሆይ፥ እንግዲህ ምክራችንን ስሙ። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። አራት ዓመት የተሰጠውን ትምህርት በአራት ሳምንት ለመጨበጥ መሞከር ሲሮጡ መታጠቅ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ፈተናውን ጀምሯል ብሎ ማሰብ ይገባዋል። በየቀኑ የተወሰነ ሰዓት ይኑራችሁ፤ ትንሽም ቢሆን አይጓደል። የምትወዱትን ትምህርት ደጋግማችሁ ማንበብ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የሚጥላችሁ የምትሸሹት ነው። ስለዚህ ከምትፈሩት ጀምሩ። እንግሊዝኛውን እንደ አንድ ትምህርት ብቻ አትቍጠሩት፤ እርሱ የሌሎቹ ሁሉ ደጃፍ ነውና፤ ጥያቄው ያልገባው ሰው መልሱን ቢያውቅም አይጠቅመውም። ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ፤ ስትጨርሱም የሳታችሁትን ለምን እንደ ሳታችሁት መርምሩ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ በኮምፒዩተር መፈተን ስለ ጀመሩ፥ መሣሪያውን በፈተናው ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳትነኩት አስቀድማችሁ ተለማመዱ።

ደግሞም ያወቃችሁትን ለባልንጀራችሁ አስረዱ። በአብነት ትምህርት ቤታችን ዳዊት የደገመው ፊደል የሚቆጥረውን ሲያስቀጽል የሚጠቀመው ታናሹ ብቻ አይደለም፤ ያስቀጸለውም ትምህርቱ ይጸናለታል። ቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቍራሽ ከባልንጀራው ጋር ተካፍሎ እንደሚበላ፥ እናንተም የምታውቁትን ተካፈሉ።

ከዚህ ቀጥለን ስለ ሦስት ነገሮች እናስጠነቅቃችኋለን።

የመጀመሪያው ጫትና አብሾ ነው። ጫት ለጥናት ያነቃል፥ አብሾ ትምህርት ይገልጣል የሚሏችሁን አትስሟቸው። ጫት ለአንድ ሌሊት የነሣችሁን እንቅልፍ በሌላው ቀን ከነወለዱ ያስከፍላችኋል፤ አብሾም መርዝ ነው፤ አእምሮውን ስቶ የቀረ ስንት አለ። እግዚአብሔር ለአእምሮ የሰጠው መድኃኒት እንቅልፍና ትጋት ነው።

ሁለተኛው ኩረጃ ነው። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ ወጥቶ በመገኘቱ መሰረዙን፥ ልጆቹም ሁሉ እንደ ገና መፈተናቸውን ታስታውሳላችሁ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጽር ውስጥ እንዲሰጥ የተደረገውም ይህንኑ በደል ለማስቀረት ነው። ልጆቻችን ሆይ፥ ኩረጃ ስርቆት ነው፤ ከሌላውም ስርቆት የሚከፋው የተሰረቀው ሰው ፊቱ የማይታይ ስለ ሆነ ነው። በተኰረጀ ውጤት በያዛችሁት ወንበር ምክንያት፥ ከብት እየጠበቀ ያነበበ አንድ የገጠር ልጅ ከደጅ ይቀራል። ነገሩም በዚህ አያበቃም። የኰረጀው ልጅ ሐኪም ቢሆን በሽተኛ ከእጁ ይወድቃል፤ መሐንዲስ ቢሆን ሰው በድልድዩ ላይ ይሄዳል። ፈተናውን ከመጀመራችሁ በፊት አማትባችሁ፥ ከዚያ አንገታችሁን ወደ ጎረቤት ብታዘነብሉ፥ የማተባችሁን ምልክት ለሌብነት ምስክር ማድረጋችሁ ነው። ይህን ያደረገ ቢኖር ተስፋ አይቍረጥ፤ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ፤ ዳግመኛም አያድርገው።

ሦስተኛው ስለትን ዋጋ ማድረግ ነው። እኒያ እናት የጠየቁንም ይህንኑ ነው። እናታችን ሆይ፥ ስለትዎ መልካም ነው፤ የእናት እንባም በእግዚአብሔር ዘንድ አይጠፋም። ነገር ግን ስለት የምስጋና ቃል ነው እንጂ የገበያ ውል አይደለም። እግዚአብሔር ጃንጥላ ስላልበቃው ልጅዎን አልጣለም። ያልዘራውን ለማጨድ ጸሎት የሚያደርስ ገበሬ የለም፤ የዘራው ግን ዝናቡን ይለምናል። ጸሎት የጥናት ምትክ አይደለም፤ ጥናትም የጸሎት ምትክ አይደለም። ሁለቱ እንደ ጥማድ በሬ አብረው ይሄዳሉ።

አሁን ደግሞ ወላጆችን እንናገራለን። ልጃችን እንዲያልፍ እንወዳለን፤ ግን ሴት ልጃችን ከትምህርት ቤት መጥታ ውሃ ቀድታ፥ እንጀራ ጋግራ፥ ታናናሾቿን አጥባ ስትጨርስ መሽቶ መብራቱ ይጠፋል። ወንድሟም ከብት ሲያግድ ይውላል። ከዚያ ውጤቱ በመጣ ጊዜ እንቈጣለን። ደግሞም «የጎረቤት ልጅ እንዲህ አመጣ» እያልን ቍስሉ ላይ ጨው እንነሰንሳለን። ይህ አይገባም። ድርሻችንን ሳንወጣ የልጁን ድርሻ ብቻ መቍጠር ፍርድ ማጓደል ነው።

በ2014 ዓ.ም. ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። በአንድ ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ሁሉ ሰነፎች ሊሆኑ አይችሉም። መጽሐፍ ያልደረሰው፥ መምህር የጎደለው፥ ጦርነት ያሰናከለው ብዙ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የደብሩም ጉዳይ ነው። አዳራሽና መብራት ያለው ደብር ሁሉ ማታ ማታ አዳራሹን ለሚያጠኑ ልጆች ይክፈት። በሰንበት ትምህርት ቤት ያሉ፥ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተመለሱ ወንድሞችና እኅቶች በሳምንት ሁለት ሰዓት ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠኑ። ለሻማና ለዕጣን የሚሰጥ ምእመን ለአንድ ድኻ ልጅ ደብተር ቢገዛ፥ ያም መባ ነው።

በመጨረሻ ላላለፉት እንናገራለን። ስለ ቅዱስ ያሬድ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ትምህርት እንቢ ብሎት ከመምህሩ ከጌዴዎን ኰብልሎ ሲሄድ፥ አንድ ትል ዛፍ ላይ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ፍሬውን ሲበላ አየ። ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ብዙ ጊዜ ስለ ትሉ ትዕግሥት ነው። እኛ ግን ሌላ ነገር እንድታስተውሉ እንወዳለን። ያሬድ ትሉን አይቶ ያደረገው ምንድን ነው? ወደ ሸሸው መምህር ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። መውደቅ አላሳፈረውም ማለት አይደለም፤ ኀፍረቱን ይዞ ተመለሰ ማለት ነው እንጂ። ስለዚህ አንድ ጊዜ የወደቀ ልጅ በግል ተፈታኝነት ዳግመኛ ሊሞክር ይችላል፤ ሌላም በር አለ፤ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትም የተናቀ አይደለም። ጌታችን በጠራቢ ቤት አድጓልና።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። ይሁዳ ከወደቀ በኋላ በእርሱ ቦታ አንድ ሰው እንዲተካ መቶ ሃያ የሚያህሉ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ በርስያን የተባለው ዮሴፍና ማትያስ። ሁለቱም ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ ከጌታ ጋር የኖሩ ነበሩ፤ ሁለቱም ተዘጋጅተው ነበር። ቦታው ግን አንድ ነበረ፤ ዕጣውም ለማትያስ ወጣ። ስለ ዮሴፍ ግን አኰረፈ፥ ተለየ፥ ራሱን ጠላ የሚል ቃል መጽሐፉ አልጻፈም። ከሐዋርያት ቍጥር አለመግባት ከክርስቶስ ፍቅር መውጣት አይደለም። ልጆቻችን ሆይ፥ የፈተና ወረቀት የሚመዝነው የተማራችሁትን ነው፤ እናንተን አይመዝንም። ያን ሚዛን የያዘ ሌላ ነው፤ እርሱም በደሙ የገዛችሁ ነው። ስለዚህ ውጤት በመጣበት ቀን ኀዘኑ ቢከብዳችሁ ብቻችሁን አትሁኑ፤ ነፍሳችሁንም የሚጎዳ አሳብ ቢመጣባችሁ ለወላጅ፥ ለመምህር፥ ለንስሐ አባት ሳትደብቁ ንገሩ። ወላጆችም በዚያን ቀን ከቍጣ በፊት እጃችሁን በልጃችሁ ትከሻ ላይ አኑሩ።

ከቅጽሩ ውጭ ቆሞ ስለ ነበረው ልጅ ጥቂት ተናግረን እናብቃ። በዚያን ቀን እናቱን ከሸኘን በኋላ ወጥተን በአጠገቡ ተቀመጥን። የበርስያንን ታሪክ ነገርነው። ብዙ ዝም ብሎ ቆይቶ፥ «ታዲያ እርሱ ከዚያ በኋላ ምን ሠራ?» ሲል ጠየቀን። «የተጻፈ ነገር የለም፤ ያንተም ገና አልተጻፈም» አልነው። ዛሬ ዳግመኛ ለመፈተን እየተዘጋጀ፥ ማታ ማታ በደብሩ አዳራሽ ታናናሾቹን ሒሳብ ያስጠናል። ያልፍ እንደሆነ አናውቅም። ነገር ግን አሁን ከቅጽሩ ውስጥ ነው።

ለዳንኤል ማስተዋልን የሰጠ፥ ለቅዱስ ያሬድ ልቡናውን የከፈተ አምላክ ለልጆቻችን ትጋትንና እውነትን፥ ለወላጆች ትዕግሥትን ይስጥልን። የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።