ሳይወለድ ስለሚታየው ሕፃን
(በቡሬ ከተማ በእድራችን ስብሰባ ላይ አንዲት የሠፈራችን እናት ካደረጉት ንግግር የተወሰደ)



ስለ እርግዝና ምርመራ ተናገሪ ስባል እሺ ያልኩት አዋቂ ሆኜ ሳይሆን ደርሶብኝ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ጀርባው ላይ ክፍተት ኖሮት ተወለደ፤ ሳምንት ሳይሞላው አረፈ። አንዱ ቡዳ ነው፣ ሌላው እርግማን ነው አለ። ነገሩ ወዲህ ነው። የሕፃን አከርካሪ የሚገጥመው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ማርገዛችንን እንኳ አናውቅም።

ሁለተኛ ሳረግዝ ባለቤቴ «ፍኖተ ሰላም ሄደን በአልትራሳውንድ እንታይ» አለኝ። እኔ እምቢ አልኩ። «ቢነግሩኝስ ምን ላደርግ? እናቴ ስድስታችንን ስትወልድ ማን አይቶላት?» እሱ ግን «ሳልዘጋጅ ሁለተኛ መቅበር አልችልም» ብሎ አለቀሰ። እስከዚያች ቀን ወንድ እንዲህ የሚፈራ አይመስለኝም ነበር።

አሜሪካ ያለችው እህቴም ደወለች። እዚያ ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ ከእናቲቱ ደም ወስደው የፅንሱን ክሮሞዞም ይመረምራሉ። ዳውን ሲንድሮምን የመሰለውን ይጠቁማል እንጂ ቁርጡን አይናገርም፤ ለቁርጡ ከሽርት ውሃው በመርፌ መቅዳት ሊያስፈልግ ነው። እሷም ውጤቱ እስኪመጣ እንቅልፍ አልነበራት።

ከመሄዳችን በፊት ክፉ ቢሰማ ምን እናደርጋለን ተባባልን። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551፣ ፅንሱ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት ካለው በሕክምና ተቋም ማቋረጥ አያስቀጣም ይላል። ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። እኔ አላደርገውም አልኩ፤ እሱ እንጃ አለ። ዛሬም በዚህ አልተስማማንም። የተስማማነው ክፍተቱ ከታየ ቀዶ ሕክምና ካለበት ሆስፒታል እንድወልድ ነው። 5 ወር ሊሞላኝ ሲል ታየሁ። ባለሙያዋ «ጀርባው ደህና ይመስላል፤ ግን ማሽን ሁሉን አያይም» አለች። እስክወልድ ድረስ ያቺ «ግን» አልለቀቀችኝም።

አንድ ነገር ለማስገንዘብ እወዳለሁ። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ክፍተቱን በብዙ ይከላከላል፤ ግን ከመፀነስ በፊት መጀመር አለበት፣ በቀን 400 ማይክሮግራም። እንደኔ የደረሰባት ደግሞ ከፍ ያለውን መጠን በሐኪም ትዕዛዝ ትወስዳለች። እኔ ይህን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። አማቶችም አደራ፣ ምራታችሁን ታይ ወይም አትታይ ብላችሁ አታስጨንቋት።

ያቺ በር ላይ የምትረብሸን ልጄ ናት፤ 4 ዓመቷ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፣ ቡናው እስኪፈላ ጊዜ አለን።