ክረምት የሌለበት የፈረስ እርባታ

አቅራቢ 1፦ አድማጮቻችን፣ ባልደረባዬ ሰሞኑን በፈረስ ከብሬያለሁ እያለች ነው።

አቅራቢ 2፦ በ«ዘ ሲምስ 4» ጌም ነዋ! በ2023 እ.ኤ.አ. «ሆርስ ራንች» የሚባል ጭማሪ ወጣለት። ለብቻህ ከጀመርክ 20,000 ሲሞሊዮን፣ ማለትም የጌሙ ገንዘብ፣ ይሰጥሃል። ፈረስ ትገዛለህ፣ ዝላይ ታለማምዳለህ፣ ውድድር ታስገባለህ፤ ሲያሸንፍ ዋጋው ያሻቅባል፣ ትሸጠዋለህ።

አቅራቢ 1፦ ጉለሌ ብታረቢው ገብሱና ፉሩሽካው ኪስሽን ያራቁተው ነበር።

አቅራቢ 2፦ እዚያም መኖ አለ። ግን እውነቱን ልንገርህ? ደህናው ገንዘብ ያለው ፈረሱ ላይ አይደለም። ፍሬ ጠምቀህ ጠርሙሱን ታስቀምጣለህ፤ በቆየ ቁጥር ይወደዳል።

አቅራቢ 1፦ እንደ ጠጅ በይኛ! እኛ ሰፈር ግን ፈረስ የሚያበላው በግልቢያ ነው። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ግልቢያም ነበረው። ልጁ ኮርቻው ላይ ይወጣል፣ እርካቡ ያጥርለታል፣ አንዱ ልጓሙን ይዞ ቀስ እያለ ይመራል፤ እናት ከታች ፎቶ ታነሳለች። ፈረሱ በየቀኑ ገቢ ካመጣ ማን ይሸጠዋል? ችግሩ ክረምት ነው፤ ዳገቱ ይጨቀያል፣ ጋላቢ ይጠፋል፣ ፈረሱ ግን መብላቱን አያቆምም።

አቅራቢ 2፦ እኔ ክረምት የሚያመጣውን ጭማሪ አልገዛሁትም!

አቅራቢ 1፦ ይሸጣል እንዴ?

አቅራቢ 2፦ ዋናው ጌም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ነው፤ ጭማሪው ግን በዶላር። ፈረሱ ሲወጣ 40 ዶላር ገደማ ነበር።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ የከበረው ማነው? ለመሆኑ ዶላሩን ከየት አመጣሽው?

አቅራቢ 2፦ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ካርድ ላይ ነው። እስካሁን ዝም ብሏል።